የጋሽ አንማው ሜትር

መስከረም ሲጠባ፣ ትምህርት ሊጀመር፣
ሜትሩን እንደ ማተብ ባንገቱ አንጠልጥሎ
ጋሽ አንማው ሰፊው ይለካን ነበር፣
ረቡዕ ገበያ፣ ሲንጀሩን ከቆርቆሮ ጥግ አስጠልሎ።

«ቀጥ በይ ባንቺአየሁ። ትንፋሽሽን ያዥ።»
ትከሻዬ ያምናው። ክንዴም ያው ያምናው።
የሌላውን ቁጥር ለረዳቱ ጮኾ እየጠራ
ከወገቤ ሲደርስ ድምፁን ይውጠዋል፤
ከሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ፣
እንደ ሰው ገመና ሸፍኖ ይጽፈዋል።

አስራ ስድስት ዓመቴ፣ ቁመቴ የአስራ አንድ፣
እግሬ አገዳ አክሎ፣ ሆዴ የተነፋ።
ደግነቱ ጮቄ! ብርዱን ያውሰኛል፤
ሹራብ በሹራብ ላይ ደራርቤ ብጠፋ
«ምን ሆነሽ?» የሚለኝ ከወዴት ይመጣል?

ዘጠነኛ ክፍል፣ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ
አንዱ ሣለኝ በጠመኔ፦ ቀጭን፣ ሆደ ክብ፤
ከሥሩም «ክርስትናው መቼ ነው?» ይላል።
መምህሩ በመዳፉ ጠረገው፤
ስለ ደመና ዓይነት ማስተማሩን ቀጠለ።
ሥዕሉ ጠፋ። እኔ ግን ከሰሌዳው ሳልወርድ ቀረሁ።

ያን ሌሊት እናቴ ኩራዝ ይዛ መጣች፤
ሆዴን ዳሰሰችው እንደ ሌባ፣ ቀስ ብላ።
«እውነቱን ንገሪኝ» አለች። ምን ልንገራት?
የወር አበባ እንኳ አላየሁም እኔ፤
እሷ ናት ያየችው፣ ሦስት ቀብራ፣ በኔ፤
«ባንቺ አየሁ» ያለችው ስትታቀፈኝ ያኔ።
ስሜን ባወለቅሁት፣ እንደ ጠበበ ልብስ!
መስታወቱን ገልብጬ ወደ ግድግዳው አዞርሁት፤
«ባይነጋ» የምልበት ሌሊትም ነበረ።

«ገብስ የእህል ንጉሥ» ይላል ያገሬ ሰው።
ከሳች ሲሉ በሶ፣ ገረጣች ሲሉ ቂንጬ፣
ራበኝ ስል ቆሎ፣ ታመምሁ ስል አጥሚት፤
ንጉሡ በየማዕዱ ይሾምብኝ ነበር፣
እኔም እየጎረስሁ አልቄ።

ባሕር ዳር ሐኪሙ ወረቀት አወጣ፣
ሣር ሣለ፣ ለምለም ሣር፦ «ይህ የሰው አንጀት ነው።»
ከጎኑ ባዶ መስክ፣ ከብት የጨረሰው፦
«ይሄ ያንቺ። ገብስ፣ ስንዴ፣ እስከ ዕድሜሽ ልክ ተይው።»
ሴሊያክ አለው። ስሙን ሦስቴ አስደገምሁት።
አለቀስሁ፤ ከሐዘን አይደለም።
ስም አለው! ቡዳም አይደለም፣ ዛርም፣ ጽንስም አይደለም፤
ሆዴ ዋሽቶ አያውቅም።

ስም ግን አያጠግብም። ጤፍ እኛ ጋ ውድ ነው።
አባቴ ሁለት በግ ነድቶ ወደ ማርቆስ ወረደ።
ታናሼ አዱኛው የኔን እንጀራ እያየ
«በጎቹን በላቻቸው» አለ። ሳቁ።
እኔም ሳቅሁ፤ ጉርሻው ግን አልወርድ አለኝ።
የማኅበር ዳቦ ሲቆረስ «ጾም ላይ ነኝ» አልሁ፤
ለካ ሃምሳው አልወጣም!
ቄሰ ገበዙ አዩኝ፣ አዩኝና
ዳቦውን ይዘው ዝም ብለው አለፉ።

ስድስት ወር። ሆዴ ጎደለ፣ ጉንጬ ሞላ።
«አማረብሽ! አሁን ገና ሰው መሰልሽ!» ይላሉ ገበያተኞች።
ደስ ይበለኝ?
ታዲያ ያቺስ ልጅ፣ ያቺ ሆደ ክብ፣ ሰው አልነበረችም?
እሷ እኮ ናት አዝላ እዚህ ያደረሰችኝ።

ዘንድሮም መስከረም፣ ያው በረንዳ ቆምሁ።
ሜትሩ ወገቤን ዞረ። እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።
«ጮክ ብለህ ጥራው፣ ጋሽ አንማው።»
ቀና ብሎ አየኝ።
«ስልሳ አራት!»
ሰልፉ ሰማ። ረዳቱ ሰማ። እኔም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
ቁጥር ነው። ለሱሪ የሚሆን ቁጥር።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ሹራቤን ደረብሁ።
በርዶ ነበር።
እውነቴን ነው፣ በርዶ ነበር።